አንደኛ የወጣው ድምፅ
ስለ ናት ኪንግ ኮል ዘፈኖች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት በዚህ ቀን ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ወገን ንግግር እንዳደርግ ስለ ተፈቀደልኝ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። የንግግሬ ርእስ ናት ኪንግ ኮል የሚባል አሜሪካዊ ዘፋኝ ነው። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ዘፋኝ መናገር ምን ይጠቅማል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድሜ ልናገር። የዚህን ሰው ታሪክ የመረጥሁት ዘፈኖቹ በአገሩ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ስለ ወጡ ብቻ አይደለም። «አንደኛ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚናገርና ምን ያህል ደግሞ ሳይናገር እንደሚቀር የእርሱ ሕይወት በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። እኛም በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ደረጃችን በካርድ ላይ ተጽፎ የሚሰጠን ተማሪዎች ነንና ነገሩ ይመለከተናል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ፤ በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ይህ የአዘፋፈን ዓይነት እንዴት እንደ ተነሣ ባጭሩ ልግለጽ። ቀድሞ ዘፋኝ በአዳራሽ ሲዘፍን ድምፁ ከኋላ ለተቀመጠው ሰው እንዲደርስ መጮኽ ነበረበት። ሸክላም ሲቀረጽ ዘፋኙ አፉን ወደ አንድ ትልቅ ጡሩምባ አስጠግቶ በኃይል ይዘፍን ነበር። በ1925 ግን የአሜሪካ የሸክላ ኩባንያዎች በኤሌክትሪክ ማይክሮፎን መቅረጽ ስለ ጀመሩ ነገሩ ተለወጠ። ማይክሮፎን ሹክሹክታን እንኳ ይይዛልና ዘፋኙ ጩኸቱን ትቶ ለአንድ ሰው በጆሮው እንደሚነግር አድርጎ ማንጐራጐር ቻለ። በዚህ ዓይነት አዘፋፈን በ1930ዎቹ ቢንግ ክሮዝቢ፣ በ1940ዎቹ ደግሞ ፍራንክ ሲናትራ እጅግ የታወቁ ሆኑ። ናት ኪንግ ኮልም ከእነዚህ አንጐራጓሪዎች ጋር የሚቈጠር ነው። ልዩነቱ እነርሱ ነጮች መሆናቸውና እርሱ ጥቁር መሆኑ ነበር፤ በዚያን ዘመን አሜሪካ ይህ ትንሽ ልዩነት አልነበረም።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር ሰንጠረዡ ነው። ከ1894 ጀምሮ የሚታተም ቢልቦርድ የሚባል አንድ የአሜሪካ መጽሔት አለ። ይህ መጽሔት በሱቆች የተሸጡትን ሸክላዎች በብዛታቸው ቅደም ተከተል መድቦ ጁላይ 27 ቀን 1940 ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣ። ዝርዝሩ 10 ዘፈኖች ብቻ የያዘ ሲሆን አንደኛ የወጣው የቶሚ ዶርሲ ኦርኬስትራ የተጫወተውና ወጣቱ ሲናትራ የዘፈነበት ሸክላ ነበር። ከዚያ በኋላ መጽሔቱ ሌሎች ዝርዝሮችንም ጨመረ፤ አንዱ የራዲዮ አስተዋዋቂዎች አዘውትረው የሚያሰሙትን፣ ሌላው በየቡና ቤቱ ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ የሚያጫውተው ጁክ ቦክስ የሚባለው መሣሪያ የተጫወተውን ይቈጥር ነበር። እነዚህን ሁሉ በአንድነት የሚያስተያየው ሆት ሃንድረድ የተባለው የ100 ዘፈኖች ሰንጠረዥ የወጣው በኦገስት 1958 ነው።

ነገር ግን ከእነዚህ ሌላ አንድ የተለየ ሰንጠረዥ ነበረ። ከ1942 ጀምሮ መጽሔቱ ጥቁሮች የሚገዟቸውን ሸክላዎች ለብቻ መመዝገብ ጀመረ። መጀመሪያ የሰጠው ስም በኒው ዮርክ ባለው የጥቁሮች ሰፈር ስም «የሃርለም ሂት ፓሬድ» የሚል ነበር። በ1945 ስሙ «የዘር ሸክላዎች» የሚል ሆነ፤ በ1949 ደግሞ «ሪዝም ኤንድ ብሉዝ» ተባለ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ዜማ ቀለም የለውም ይባላል፤ የዜማው ሰንጠረዥ ግን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እንደነበረው የአውቶቡስ ወንበር በቀለም የተከፈለ ነበር።

ናት ኪንግ ኮል ማርች 17 ቀን 1919 በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ተወለደ። የተጸውዖ ስሙ ናትናኤል አዳምስ ኮልስ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ቺካጎ ተሻገረ፤ በዚያም አባቱ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆኑ፤ እናቱም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። ፒያኖ ያስተማሩት እናቱ ናቸው። ልጁ አድጎ ጃዝ የሚባለውን ሙዚቃ ያዘና በ1937 በሎስ አንጀለስ ከአንድ ጊታር ተጫዋችና ከአንድ ባስ ተጫዋች ጋር የሦስት ሰው ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ ከበሮ አልነበረውም። በዚያን ጊዜ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች በገነኑበት ዘመን ሦስት ሰዎች ያለ ከበሮ ሕዝብን ያስደስታሉ ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። ናትም በመጀመሪያ የታወቀው በጣቱ እንጂ በጉሮሮው አልነበረም፤ ዛሬም የጃዝ ዐዋቂዎች ከታላላቆቹ ፒያኖ ተጫዋቾች መካከል ይቈጥሩታል።

የመጀመሪያው ታላቅ ዘፈኑ የተወለደው ከአባቱ ስብከት ነው። አባቱ በስብከታቸው አንድ ተረት ይናገሩ ነበር። አንድ አሞራ እንስሳትን በጀርባው አዝሎ ወደ ሰማይ ያወጣቸውና ጥሎ ይበላቸው ነበር። ጦጣ ግን ብልህ ስለ ነበረ ጅራቱን በአሞራው አንገት ላይ ጠምጥሞ ቀጥ ብሎ እንዲበርና በሰላም እንዲያወርደው አስገደደው። ናት ይህን ተረት ወደ ዘፈን ለወጠውና በ1943 መጨረሻ ካፒቶል ለሚባለው ኩባንያ ቀረጸው። ካፒቶል በ1942 የተመሠረተ አዲስ ኩባንያ ነበር። «ስትሬይተን አፕ ኤንድ ፍላይ ራይት» የተባለው ይህ ሸክላ በ1944 ወጥቶ በጥቁሮቹ ሰንጠረዥ ላይ 10 ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ ወደ ጠቅላላው ሰንጠረዥም ገባ። ነገር ግን ናት ገንዘብ በቸገረው ጊዜ የዘፈኑን የድርሰት መብት በ50 ዶላር ብቻ ሸጦት ነበርና ከድርሰቱ የመጣው ትርፍ ለሌላ ሰው ሆነ። ተረቱን የዘፈነው ሰው ራሱ በአሞራው ጀርባ ላይ ነበረ ማለት ነው። ሰንጠረዡ ግን ይህን አይናገርም፤ የሚናገረው አንደኛ መውጣቱን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ እድገቱ ፈጣን ሆነ። በዚያን ጊዜ «አልበም» የሚባለው እንደ ፎቶግራፍ መያዣ መጽሐፍ ያለ ሆኖ በውስጡ ጥቂት ሸክላዎች የሚይዝ ነበር። ቢልቦርድ ማርች 24 ቀን 1945 የመጀመሪያውን የአልበም ሰንጠረዥ ሲያወጣ በአንደኛነት የተጻፈው የናትና የሁለት ጓደኞቹ አልበም ነበር። በ1946 መጨረሻ ላይ «ፎር ሴንቲሜንታል ሪዝንስ» የተባለው የፍቅር ዘፈን በጠቅላላው ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት «ዘ ክሪስማስ ሶንግ» የሚባለውን የገና ዘፈን ቀረጸ። ይህን ዘፈን የደረሱት ሮበርት ዌልስና ሜል ቶርሜ ሲሆኑ የደረሱትም በ1945 በበጋ ሐሩር ጊዜ ነው። ቶርሜ በዚያን ጊዜ የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ ይኸውም ከእኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ዘፈን በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ 1948 እንምጣ፤ ይህ ዓመት የንግግሬ ልብ ነውና። ማርች 28 ቀን 1948 የፋሲካ ዕለት ናት ማሪያ ኤሊንግተን የተባለችውን ዘፋኝ አገባ። ሠርጉ የተፈጸመው በሃርለም በሚገኘው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ይህ ስም ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ የተመሠረተው በ1808 ሲሆን መሥራቾቹ በኒው ዮርክ በነበረው የነጮች ቤተ ክርስቲያን ተለይተው እንዲቀመጡ መገደዳቸውን አንቀበልም ብለው የወጡ ጥቁሮች ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ እንደሚተርከው ከእነርሱ ጋር ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። እንግዲህ ናት ጋብቻውን የፈጸመው «ተለይቼ አልቀመጥም» ባሉ ሰዎች ደጅ ነው።

ከሠርጉ ማግሥት ማርች 29 ቀን «ኔቸር ቦይ» የተባለው ሸክላ ወጣ፤ ትርጓሜውም የተፈጥሮ ልጅ ማለት ነው። ደራሲው ኢደን አህቤዝ የተባለ፣ ጠጕሩን ያሳደገ፣ ከሜዳ የሚያድርና ሥጋ የማይበላ ሰው ነበር። ድርሰቱን በወረቀት ጽፎ በሎስ አንጀለስ ናት ለሚዘፍንበት ቴያትር ቤት ሰጥቶ ሄደ። ናት ዘፈኑን በ1947 ከነሙሉ ኦርኬስትራ ቀረጸው። በ1948 መጀመሪያ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባሎቹ ሸክላ እንዳይቀርጹ ከልክሎ ነበርና ኩባንያዎች ቀደም ሲል የተቀረጸውን አውጥተው ይሸጡ ነበር። ይህም ሸክላ በወጣ ጊዜ ሕዝቡ ተሻማበት፤ 8 ሳምንትም በአንደኛነት ቈየ። የገዙት ጥቁሮች ብቻ አልነበሩም። በሰሜንም በደቡብም ያሉ ነጮች ቤታቸው ወስደው በእልፍኛቸው አጫወቱት።

በዚያው ዓመት ናትና ማሪያ በሎስ አንጀለስ ሃንኮክ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ቤት ገዙ። ሰፈሩ ሀብታም ነጮች የሚኖሩበት ነበር፤ በቤቶቹም ውል ላይ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክል ቃል ነበረበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜይ 3 ቀን 1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ብሎ ፈርዶ ነበር። ቢሆንም የሰፈሩ ባለቤቶች ማኅበር ተሰብስቦ ኮልን ሊያስወጣ ሞከረ። ወደ ሰፈራቸው የማይፈለጉ ሰዎች እንዲመጡ እንደማይወዱ ነገሩት። እርሱም እኔም አልወድም፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ካየሁ ለመክሰስ የመጀመሪያው እኔ እሆናለሁ ብሎ መለሰላቸው። ከቤቱም አልወጣም፤ እስኪሞት ድረስ ኖረበት።

ጓደኞቼ፤ እስቲ ሁለቱን ነገሮች ጐን ለጐን እናስቀምጣቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ በመላ አገሩ 8 ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ ሰውየው ግን በገዛ ገንዘቡ በገዛው ቤት ለመኖር ተከለከለ። ድምፁን ወደ እልፍኛቸው ያስገቡ ሰዎች ባለ ድምፁን ወደ መንገዳቸው እንኳ ማስገባት አልፈለጉም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው። ታዲያ ሰንጠረዡ ዋሸ ማለት ነውን? አልዋሸም። ሰንጠረዡ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እርሱም «ይህን ሸክላ ስንት ሰው ገዛ?» የሚል ነው። ለዚህም ጥያቄ እውነተኛ መልስ ሰጠ። «ከዘፋኙ ጋር ጐረቤት ሆኖ ለመኖር ስንት ሰው ይፈቅዳል?» የሚለውን ግን ማንም አልጠየቀውም።

ሁለቱ ታላላቅ ዘፈኖቹ ከዚህ በኋላ መጡ። በ1950 «ሞና ሊዛ»፣ በ1951 ደግሞ «ቱ ያንግ» አንደኛ ሆኑ፤ «ቱ ያንግ» በዚህ ቦታ 5 ሳምንት ቈየ። «ሞና ሊዛ» ለሲኒማ የተደረሰ ዘፈን ስለ ነበረ ደራሲዎቹ ጄይ ሊቪንግስተንና ሬይ ኢቫንስ የኦስካር ሽልማት አገኙበት። በሸክላው ላይ የኦርኬስትራው መሪ ተብሎ የተጻፈው ሌስ ባክስተር ነው፤ ሙዚቃውን ለኦርኬስትራ ያቀናበረው ግን ኔልሰን ሪድል የተባለ በዚያን ጊዜ ስሙ ያልታወቀ ወጣት ነበር። ሪድል በኋላ የናትንና የሲናትራን ዘፈኖች በማቀናበር እጅግ ታወቀ። በ1951 «አንፎርጌተብል» ማለትም የማይረሳ የሚለውን ዘፈን ለናት ያቀናበረው እርሱ ነው። የሚያስገርመው ነገር ዛሬ የናት ስም ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስታውሰው ይህ «አንፎርጌተብል» የተባለው ዘፈን በወጣበት ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ 10 ዘፈኖች ውስጥ እንኳ አለመግባቱ ነው።

የካፒቶል ኩባንያም በናት ሽያጭ ከበረ። በ1956 በሆሊውድ እንደ ግንብ ክብ ሆኖ የተሠራ ረጅም ሕንፃ ሲያስመርቅ ሰዎች «ናት የሠራው ቤት» ብለው ጠሩት። ይሁን እንጂ በዚሁ ዓመት ሁለት ነገሮች ደረሱ።

የመጀመሪያው በተወለደበት በአላባማ ግዛት ሆነ። ኤፕሪል 10 ቀን 1956 በበርሚንግሃም ከተማ አዳራሽ ለነጮች ብቻ በተዘጋጀ ትርዒት ላይ ሲዘፍን ጥቂት ነጮች ሮጠው መድረኩ ላይ ወጥተው ከፒያኖው ወንበር ገፍትረው ጣሉትና ጀርባውን አቈሰሉት። ፖሊሶች ያዟቸው። ናት ተመልሶ ወጥቶ ሕዝቡን ጥቂት ቃል ተናግሮ ትርዒቱን አቋረጠ። በዚያው ሌሊት ግን ለጥቁሮች በተለየው ሁለተኛ ትርዒት ላይ ዘፈነ። ከዚህ በኋላ የደረሰበት ትችት ከራሱ ወገን ነበር። አንዳንድ የጥቁሮች ጋዜጦችና ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የሚባለው ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ማኅበር ሰዎች «ሕዝብ በቀለም በተለየበት አዳራሽ ለምን ይዘፍናል?» ብለው ወቀሱት። በዚያን ወራት በትውልድ ከተማው በሞንትጎመሪ ጥቁሮች ተለይተን በምንቀመጥበት አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ወደ ሥራ ይሄዱ ነበርና ወቀሳው ጠንካራ ነበር።

ስለዚህ ነገር የእኔን አሳብ ብትጠይቁኝ፣ ወቃሾቹ ስለ አዳራሹ የተናገሩት እውነት ነበር እላለሁ። በእግራቸው ከሚሄዱት ሠራተኞች ይልቅ ስሙ የገነነው ዘፋኝ «አይሆንም» ለማለት አቅም ነበረው። ነገር ግን በዚያ መድረክ ላይ የወደቀው የእርሱ ጀርባ እንደ ነበረም መርሳት አይገባም። ናትም ወቀሳውን ሰምቶ ዝም አላለም፤ ገንዘብ ከፍሎ የማኅበሩ የዕድሜ ልክ አባል ሆነ። ሰው ሁሉ በአንድ ቀን አይማርም፤ ከተማረ ግን ዘግይቶ መማሩ አይነቀፍም።

ሁለተኛው ነገር የቴሌቪዥን ነው። ኖቬምበር 5 ቀን 1956 ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት በናት ስም የተሰየመ ሳምንታዊ ዝግጅት ማሳየት ጀመረ። በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን በራሳቸው ስም ዝግጅት ከያዙት ጥቁሮች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆኑ ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያለው ዝግጅት የሚኖረው ነጋዴዎች ዕቃቸውን ለማስተዋወቅ በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ተመልካች ግን ቢኖረውም ለመላ አገሪቱ የሚከፍል አንድም ኩባንያ አልተገኘም፤ በደቡብ ያሉ ደንበኞቻችን ይቈጡናል ብለው ፈሩ። ኤላ ፊትዝጀራልድ፣ ሃሪ ቤላፎንቴ፣ ፔጊ ሊና ሌሎችም ታላላቅ ዘፋኞች በትንሽ ክፍያ እየመጡ በዝግጅቱ ላይ ተሳተፉ። ቢሆንም ዲሴምበር 17 ቀን 1957 ዝግጅቱ አበቃ። ናትም የማስታወቂያ ኩባንያዎች የሚገኙበትን የኒው ዮርክ መንገድ ጠርቶ ማዲሰን አቬኑ ጨለማ ይፈራል ብሎ መናገሩ ይጠቀሳል። በዚያው በ1957 ዓመት «ላቭ ኢዝ ዘ ቲንግ» የተባለው አልበሙ በአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ነበር። አሁንም ሁለቱን ጐን ለጐን እናስቀምጣቸው፤ በአንድ ዓመት አልበሙ አንደኛ፣ ለዝግጅቱ ግን ከፋይ የለም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሮክ ኤንድ ሮል የሚባለው የወጣቶች ሙዚቃ ሲነሣ የብዙ አንጐራጓሪዎች ስም ከሰንጠረዡ ወረደ። ናት ግን በ1962 «ራምብሊን ሮዝ» በተባለው ዘፈን በሆት ሃንድረድ ላይ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዕድሜው አላራዘመለትም። ሲጋራ አብዝቶ ያጨስ ስለ ነበር በሳንባ ካንሰር ታሞ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1965 በ45 ዓመቱ ሞተ። ዓለም የወደደውን ድምፅ የተሸከመው ያው የጢስ መተላለፊያ የሆነው ደረት ነበር፤ በጓደኞች መካከል ሲጋራ ማጨስ ጌጥ የሚመስላቸው ቢኖሩ ይህን ያስቡ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ናት ሲሞት ልጁ ናታሊ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። በ1991 ናታሊ የአባቷን የ«አንፎርጌተብል» ቀረጻ ከራሷ ድምፅ ጋር በመሣሪያ አዋሕዳ አብረው እንደ ዘፈኑ አድርጋ አወጣችው፤ በ1992ም ታላላቆቹን የግራሚ ሽልማቶች አገኘች። በወጣበት ጊዜ ከ10ሩ ውስጥ ያልገባው ዘፈን ከ40 ዓመት በኋላ የዓመቱ ዘፈን ተብሎ ተሸለመ። የገናውም ዘፈን እንዲሁ ነው። ዛሬ ሰንጠረዡ ሸክላን ብቻ ሳይሆን በኢንተርኔት የሚደመጠውንም ይቈጥራል፤ በዚህም አቈጣጠር ናት ከሞተ ከ57 ዓመት በኋላ በ2022 እና በ2023 መካከል በነበረው የገና ሰሞን «ዘ ክሪስማስ ሶንግ» ለመጀመሪያ ጊዜ በሆት ሃንድረድ ከመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ ገባ። በየሳምንቱ የሚታተም ሰንጠረዥ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድር ነው?

ደረጃ ከንቱ ነው ለማለት አልተነሣሁም። በሰንጠረዡ ላይ አንደኛ መሆኑ ለናት ብዙ በር ከፍቶለታል፤ ቤቱን የገዛው በእርሱ ነው። በዚያ የተከፈለ ሰንጠረዥ ላይ ለጥቁሮች የተመደበውን ገጽ ተሻግሮ በጠቅላላው ላይ አራት ጊዜ አንደኛ መውጣቱም በቀለም የተሠራውን አጥር ማንም ሊክደው በማይችል ቍጥር ነቀነቀው። በካርዳችሁ ላይ አንደኛ የሚል የተጻፈላችሁም ድካማችሁ ነውና ደስ ይበላችሁ። የምለው ግን ቍጥር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ፈተና «ይህን ትምህርት ምን ያህል ዐውቋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካርዱም ለዚያ ይመልሳል። ልጁ ለጐረቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ምን ፍሬ እንደሚያፈራ ካርዱ አልተጠየቀም። ስለዚህ፣ ወላጆቻችን ሆይ፣ ካርዱን ካያችሁ በኋላ ልጃችሁንም እዩልን። መምህራኖቻችን ሆይ፣ በክፍል መጨረሻ ረድፍ ላይ የተጻፈው ስም ነገ «የማይረሳ» ሊሆን እንደሚችል እንደምታስቡ እናምናለን፤ እንዲህ አድርጋችሁ ስላስተማራችሁንም እናመሰግናለን።

ለጓደኞቼ የምናገረው ግን የመጨረሻውና ዋነኛው ነው። የሃንኮክ ፓርክ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ሩቅ ናቸውና። በየክፍላችን ግን የሒሳብ ሥራውን ከደብተሩ የምንገለብጠው፣ ፈተና ሲደርስ አስረዳን እያልን ደጁን የምንጠናው ተማሪ አለ። ልብሱ ስለ ተጣፈ፣ ወይም አነጋገሩ ከእኛ ስለ ተለየ፣ በምሳ ሰዓት ብቻውን ይበላል። ዕውቀቱን ወደ ደብተራችን አስገብተን ራሱን ከወንበራችን ካራቅነው፣ ሸክላውን ገዝተው ባለ ሸክላውን ከከለከሉት ሰዎች በምን እንሻላለን? እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ ወጥተን ወደየሥራችንና ወደየትምህርታችን እንበተናለን፤ በዚያም በስጦታቸው የምንጠቀምባቸው ብዙ ሰዎች ያጋጥሙናል። ስጦታውን ስንቀበል ባለ ስጦታውንም እንቀበል።

 ትምህርት ቤታችን ገና ብዙ የልደት በዓል እንዲያከብር እየተመኘሁ ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ።